አትላንቲክን በመርከብ መሻገር ለአዳማ ሰው፦ መጀመሪያ አቅጣጫውን ምረጡ

ከአዳማ ተነስቶ አሜሪካ በመርከብ መግባት ይቻላል? ይቻላል። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ጅቡቲ ወርዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ኒውዮርክ የሚወርዱበት የመንገደኛ መርከብ የለም። እዚህ ከተማ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጠይቋቸው፤ ወደቡ ላይ የሚያዩት መርከብ ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያና ስንዴ የሚያራግፍ ነው እንጂ ሻንጣ የያዘ ሰው የሚያሳፍር አይደለም። በመደበኛ ፕሮግራም ሰው ጭኖ አትላንቲክን የሚሻገር የድሮው ዓይነት ትልቅ መርከብ ዛሬ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ኩዊን ሜሪ 2 ይባላል። ኩናርድ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ይነሳል፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ይደርሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል።

ስለዚህ «አውሮፕላን ስለምፈራ በመርከብ ልሂድ» የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው «ነይ» ስትላቸው «አየር ላይ ተንጠልጥዬማ አልሄድም፣ በባሕር ከሆነ እሺ» ብለው አስጨንቀዋት ነበር። «እማማ፣ እኮ መርከቡ ጋ ለመድረስም አውሮፕላን ያስፈልጋል» ስላቸው «ታዲያ ምን ሊረባኝ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከቦሌ ለንደን ስምንት ሰዓት ገደማ መብረር የግድ ነው። የሚቀርላችሁ ከለንደን በኋላ ያለው በረራ ብቻ ነው። በመርከብ መሄድ ፍርሃትን አይፈታም፤ ትርፍ ጊዜ ላለውና ውቅያኖሱን ራሱን ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ጉዞ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው የምጽፈው። እና ብዙ ሰው ሲያቅድ የሚጨነቀው ስለ ማዕበል ነው፣ ስለ ታይታኒክ ነው፣ ስለ ማቅለሽለሽ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን ባሕሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ በየትኛው አቅጣጫ እንሻገር የሚለው ነው። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ወይስ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ? እንቅልፋችሁም፣ ቪዛችሁም፣ ኪሳችሁም በዚህ ይወሰናል።

ስለ መርከቡ ትንሽ ልበል። ኩናርድ አትላንቲክን መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፣ ያኔ ዋናው ሥራው የእንግሊዝ መንግሥትን ፖስታ ማድረስ ነበር። ኩዊን ሜሪ 2 ፈረንሳይ ሴንት ናዜር ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረች። 345 ሜትር ትረዝማለች፣ 2,700 ገደማ መንገደኛ ትይዛለች፣ ከ1,200 በላይ ሠራተኛ አላት። ፎቶ ላይ ከሌሎቹ የመዝናኛ መርከቦች፣ ማለትም ክሩዝ ከሚባሉት፣ ብዙም የተለየች አትመስልም። ልዩነቱ ከታች ነው። ክሩዝ መርከብ ከደሴት ደሴት እየተዝናና የሚዞር ነው፣ አየሩ ከከፋ መንገዱን ይቀይራል። ይህች ግን ክረምትም ሆነ በጋ የተባለችበት ቀን የተባለችበት ወደብ መድረስ ስላለባት አፍንጫዋ ረዝሞ፣ ብረቷ ወፍሮ፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቿም ማዕበል እንዳይመታቸው ከፍ ተደርገው ነው የተሠራችው። ሞተሯም ካስፈለገ ወደ 30 ኖት ይጠጋል፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

ይህን ያህል ፍጥነት ካላት ለምን 7 ሌሊት ይፈጅባታል? መንገዱ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዩናይትድ ስቴትስ የተባለው መርከብ በሦስት ቀን ተኩል ውስጥ ነው የጨረሰው። ኩዊን ሜሪ 2 ራሷም ድሮ በ6 ሌሊት ትሻገር ነበር። መልሱ ነዳጅ ነው። ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ነዳጁ በብዙ ይጨምራል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ መሄድ ያዋጣቸዋል። መንገደኛውም ቢሆን አልተቆጣም፤ የቸኮለ ሰውማ አውሮፕላን አለለት።

አሁን ወደ አቅጣጫው እንምጣ።

በእንግሊዝና በኒውዮርክ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የ5 ሰዓት ልዩነት አለ። አውሮፕላን ይህን ልዩነት በአንድ ቀን ጭኖባችሁ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ይነሳችኋል። መርከብ ግን ከፋፍሎ ነው የሚሰጣችሁ። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ በአምስት ሌሊቶች ሰዓቱ አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። አምስት ጊዜ የ25 ሰዓት ቀን ታገኛላችሁ ማለት ነው። ተኝታችሁ አንድ ሰዓት ምርቃት! ኒውዮርክ ስትደርሱ ሰውነታችሁ ለምዶታል። ወደ እንግሊዝ ስትመለሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሰዓቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀትር ላይ፣ እና ምሳ በልታችሁ ቀና ስትሉ ከሰዓት በኋላው አጥሯል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ወደ ምዕራብ መሄዱ ይሻላል፣ ይህ ምንም ክርክር የለውም። (ሰዓት ካነሳን፣ መርከቡ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እራት 6:30 ከተባለ የእኛ 12:30 ነው። ይህን ያህል ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን በየቀኑ የሚቀየር ሰዓት ሲጨመርበት ጭንቅላት ያዞራል። የስልካችሁን ሰዓት በእጅ ማስተካከል ሊኖርባችሁ ይችላል።)

ነፋሱ ግን ሌላ ይላል። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ። መርከቧ ራሷ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች፣ የሚመጣው ነፋስ ሲደመርበት፣ ውጭ ላይ ነጠላ አድርጋችሁ ለመቆም አትሞክሩ፤ ነጠላው እናንተን ትቶ እንግሊዝ ይመለሳል። ስትመለሱ ግን ነፋሱ ከኋላ ስለሆነ ውጭው ረጋ ይላል። የአዳማ ሰው ነፋስ አያስፈራውም ትሉ ይሆናል። ከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፣ እሺ። ግን የእኛ ነፋስ አቧራ ነው ያለው፣ የዚያኛው ብርድ ነው።

እንቅልፍም ነፋስም የምቾት ጉዳይ ናቸው። ቪዛው ግን ምቾት አያውቅም። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ሁለት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ። መርከቡ ውስጥ ተኝቼ ነው የማልፈው ማለት አይሠራም፤ ሳውዝሃምፕተን ለመድረስ የእንግሊዝን ድንበር መግባት አለባችሁ። ተርሚናሉ ላይ ሰነዳችሁን የሚያየው የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኛ አንዱ ከጎደለ አያሳፍራችሁም፣ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ በጠቅላላው ወደ 3 ወርና አንድ ጊዜ መግቢያ ዝቅ አድርጋዋለች። ይህ ሕግ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ባመለከታችሁበት ቀን ኤምባሲው ድረ ገጽ ላይ ያለውን ተከተሉ እንጂ የእኔን ጽሑፍ ወይም የሰፈር ወሬ አትመኑ። ግን 3 ወር በሚለው እንሂድና ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ቪዛው ላይ የሰፈረው ቀን አሜሪካ መግባት የምትችሉበት የመጨረሻ ቀን ነው። እዚያ የምትቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ስትገቡ የሚያገኛችሁ የድንበር መኮንን ነው፣ ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይሰጣል። ሰዎች ሁለቱን ሁሌ ያምታታሉ። «ቪዛዬ የሦስት ወር ነው፣ ሦስት ወር ብቻ ነው የምቀመጠው» ይላሉ። አይደለም።

አሁን ወደ አሜሪካ የሚሄደውን መርከብ አስቡ። ጥሩ ዋጋና ጥሩ ክፍል የሚገኘው ከብዙ ወር በፊት ሲያዝ ነው። ቪዛችሁ ግን መቼ እንደሚመጣ አታውቁም። የኢንተርቪው ቀጠሮ ሊርቅ ይችላል፣ ከኢንተርቪው በኋላም ተጨማሪ ማጣራት ተብሎ ሊቆይ ይችላል። ቪዛው ከቀደመ 3 ወሩ መርከቧ ሳትነሳ ያልቅባችኋል፤ ከዘገየ ደግሞ መርከቧ ትታችሁ ትሄዳለች። በዚያ ላይ በመካከሉ የእንግሊዙን ቪዛ ጨርሳችሁ ለንደን መድረስ አለባችሁ። ሁለት ቪዛና አንድ መርከብ በሦስት ወር ውስጥ ማገጣጠም ማለት ነው። ይቻላል፣ ግን ጨጓራ ይልጣል።

በተቃራኒው ስትመጡስ? የአሜሪካ ቪዛ በእጃችሁ ሲገባ በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ። የ3 ወሩ ጉዳይ አሜሪካ ስትገቡ አለቀ። ልጃችሁ ጋ ወይ ወንድማችሁ ጋ ትቀመጣላችሁ፣ ሕፃን ካለም ታቅፋላችሁ፣ ከዚያ መኮንኑ በሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ የምትነሳ መርከብ መርጣችሁ በብሩክሊን በኩል ትወጣላችሁ። ቀኑ የእናንተ ነው። የሚቀረው የእንግሊዝ ቪዛ ነው፣ እሱም በተለምዶ ለ6 ወር ስለሚሰጥ ከመነሻችሁ በፊት አውጥታችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። የሚጀምርበትን ቀን ስትሞሉ የመርከቡን ቀን አስባችሁ ሙሉት። እንግሊዝ ውስጥ ከ48 ሰዓት በላይ ለማይቆይ ሰው የመሸጋገሪያ ቪዛ የሚባልም አለ። ግን መርከብ ሊዘገይ ይችላል፣ በረራም ሊሰረዝ ይችላል፣ እኔ ብሆን ለጥቂት ፓውንድ ብዬ በሰዓት ከምሯሯጥ መደበኛውን የጎብኚ ቪዛ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ላለው ሰው፣ ሂዱ በአውሮፕላን፣ ተመለሱ በመርከብ የሚል ነው። አምስቱን የ25 ሰዓት ቀኖች ታጣላችሁ። ይጣሉ። ወጥቶ ያልተጠቀሙበት ቪዛ ከሚቃጠል እንቅልፍ ቢጎድል ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ለአሜሪካው ኢንተርቪው ስትሄዱ መኮንኑ የሚፈልገው እንደምትመለሱ ማመን ነው። ትኬቱን ቀድሞ መግዛት ቪዛ አያስገኝም፣ ኤምባሲው ራሱ ቪዛ ሳይያዝ ትኬት አትግዙ ነው የሚለው። «በመርከብ ነው የምመለሰው» ስትሉ ግር ሊላቸው ይችላል፣ ስለዚህ መርከቡ የት እንደሚያደርሳችሁና ከዚያ በምን አዲስ አበባ እንደምትገቡ በሁለት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ተዘጋጁ። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተሰብ፣ ንግድ ፈቃድ፤ የተለመደው ሁሉ ያስፈልጋል። ስትወጡም የመርከቡን የመሳፈሪያ ወረቀት አትጣሉ። በጊዜ መውጣታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፣ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ሊጠቅም ይችላል።

ዲያስፖራ ዘመዶቻችሁ አብረዋችሁ ከሆኑ ለእነሱም ንገሯቸው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነው ለእንግሊዝ ቪዛ ባያስፈልገውም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን የኦንላይን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ግሪን ካርድ ይዞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ግን የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። የለንደኑ አየር ማረፊያ ሄትሮው ላይ አውሮፕላን ለሚቀይር ግሪን ካርድ ያዥ ያለው ቀለል ያለ አሠራር በመርከብ ለሚገባ አያገለግልም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በተጨማሪ አንዳንዱ ጉዞ ሳውዝሃምፕተን ላይ አያበቃም፤ ጀርመን ሃምቡርግ ወይም ፈረንሳይ ለ ሃቭር ይቀጥላል። ያ ከሆነ ሸንገን የሚባል፣ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ የሆነ ሦስተኛ ቪዛ መጣ ማለት ነው። ቀጥታውን ምረጡ።

ኦንላይን ስትፈልጉ ርካሽ የሆነ ሌላ ዓይነት መሻገሪያም ታያላችሁ። ክሩዝ መርከቦች በጸደይና በመጸው ከአንዱ የዓለም ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወሩ የሚሸጡት ነው። ዋጋው ደስ ይላል። ግን ረጅም ቀን ይፈጃል፣ በየመንገዱ ፖርቹጋልና ስፔን ስለሚቆም ሸንገን ያስፈልጋል፣ ዓመቱን ሙሉም አይገኝም። ለእኛ ፓስፖርት አይመችም ብዬ አልፌዋለሁ።

ገንዘቡስ? ዋጋው እንደ ወቅቱ በጣም ይለያያል፣ ግን መስኮት የሌለው ክፍል ሁለት ሰው ሲጋራው ለአንድ ሰው ከአንድ ሺህ ዶላር አካባቢ ይጀምራል። እዚህ ውስጥ መኝታው፣ በቀን ሦስቴ ምግቡ፣ ከሰዓቱ ሻይና ኬክ፣ ቴአትሩ፣ ንግግሮቹና ቤተ መጻሕፍቱ አሉ። መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ሕክምናና አንዳንድ ልዩ ምግብ ቤቶች የሉበትም። ለሠራተኞቹ ተብሎ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከ15 ዶላር በላይ ቲፕ በሂሳባችሁ ላይ ይጨመራል፤ የሰባት ቀኑ ሲደመር ቀላል አይደለም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ ይቀጣል። ክፍሉ ለሁለት ስለተተመነ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሊከፍል ይችላል። ለብቸኛ ሰው የተሠሩ 15 ክፍሎች አሉ፣ ቶሎ ይያዛሉ።

ክፍያው ከዚህ ሆኖ በብር አይሆንም። ወይ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍላል፣ ወይ አንዳንድ ባንኮች የሚሰጡትን ዓለም አቀፍ ካርድ ትጠቀማላችሁ። ባንኩ ለጉዞ ዶላር ሲሰጥ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይጠይቃል፣ ስለዚህ እሱም ከቪዛው በኋላ ነው። መርከቧ ላይ የሚሠራው ዶላር ነው። ስትይዙ ደግሞ የመሰረዣ ደንቡን አንብቡ፤ ቀኑ እየቀረበ በሄደ ቁጥር የሚቆረጠው ይጨምራል።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ብቻ እወቁ። መርከብ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፉ ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ መሀሉ ትንሽ። ስለዚህ ሆድ የሚያሳስበው ሰው መሀል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ይምረጥ። ከፍ ያለው ፎቅ ላይ ያለው ባለ በረንዳ ክፍል ለፎቶ ያምራል፣ በማዕበል ቀን ግን ዋጋውን ያስከፍላል። መርከቧ ከውሃ በታች ከጎኖቿ የሚወጡ አራት ክንፎች አሏት። እነሱ ግራና ቀኝ መንገዳገዱን በደንብ ይቀንሳሉ። ከፊት ወደ ኋላ መነሳትና መውደቁን ግን አያስቆሙም። 8ኛው ፎቅ ላይ ያሉ አንዳንድ በረንዳዎች ፊት ለፊታቸው የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሏል። ረከስ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ባሕሩን ሳይሆን ጀልባ እያያችሁ ትሄዳላችሁ።

የማቅለሽለሽ ኪኒን የሚሠራው ሳይጀምራችሁ ሲወሰድ ነው። ከጀመራችሁ በኋላ ብትውጡት አብሮ ይወጣል። ዝንጅብል ይረዳል፣ ደረቅ ዳቦ ይረዳል፣ ውጭ ወጥቶ ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ማየት ይረዳል። ክፍል ውስጥ ተኝቶ ስልክ መነካካት ግን ያባብሳል። ወቅትን በተመለከተ፣ ክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር ጀምሮ ያለው፣ ማዕበል ይበዛበታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ረጋ ይላል፣ ግን ካናዳ አጠገብ ቀዝቃዛውና ሞቃቱ የባሕር ጅረት ስለሚገናኙ ጉም ይበዛል። ጉም ሲኖር መርከቧ ጥሩምባ እየነፋች ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ሌሊት የሰማ ሰው ይደነግጣል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓለምን ለመዞር ስለምትወጣ መሻገሪያው ጥቂት ነው።

ታይታኒክ? አዎ፣ ሁሉም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰምጥ ከ2,200 በላይ ሰው ጭና ለ1,178 ሰው ብቻ የሚበቃ ጀልባ ነበራት። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ስለ መርከብ ደኅንነት የተስማማው፣ በ1914 ደግሞ የበረዶ ግግርን የሚከታተል ቋሚ ጥበቃ ተቋቁሞ እስካሁን ይሠራል። ዛሬ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ አለ፣ መርከቧም ከመነሳቷ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ለሁሉም ግዴታ ነው። አትቅሩ፤ ይፈልጓችኋል።

ምግብ ላይ የጾም ነገር ይነሳል። «ጾም ነኝ» ማለት ለአስተናጋጁ ምንም አይነግረውም፤ «ቪጋን» በሉት፣ ያኔ ይገባዋል፣ የተዘጋጀ ሜኑም አለው። እንዳትቸገሩ ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡ። ሐላል የሚፈልግም እንደዚሁ ቀድሞ ይጠይቅ። ክፍል ውስጥ ሻይ ማፍያ አለ፣ ስቶቭ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው፣ ስለዚህ ጀበናችሁን ለጉዞው እርሱት። እንጀራ የለም። ሰባት ቀን ነው፣ ትችሉታላችሁ።

ልብስ የሚያስጨንቀው ሰው ብዙ ነው፣ አያስጨንቅም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቁምጣና የስፖርት ልብስ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ላይ አይፈቀድም። በሰባቱ ሌሊት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የክት የሚለበስባቸው ናቸው፣ ወንዱ ሱፍ በክራቫት፣ ሴቷ ረጅም ቀሚስ። የአገር ልብስ ይቻላል። ሺህ ዶላር የሚያወጣ የራት ልብስ የለበሰችውን ሁሉ ጥበቡ ጥሩ የሆነ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ያስንቃታል፣ ይህን በድፍረት እናገራለሁ። መልበስ የማይፈልግ ደግሞ ራሱ አንስቶ የሚበላበት ቡፌ አለለት። ከቀሚሱ ይልቅ አስቡበት የምለው ካፖርቱ ላይ ነው። አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ወፍራም ካፖርት የለውም፣ አያስፈልገውማ። ሳልቫጅ ተራ ሂዱና ነፋስ የማያስገባ፣ ኮፍያ ያለው ፈልጉ።

ስልካችሁን እንደተሳፈራችሁ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። መሀል ባሕር ላይ ስልካችሁ የመርከቧን ኔትወርክ ይዞ ሳታውቁት በሮሚንግ ሲቆጥር ሂሳቡ ያስደነግጣል። ከዚያ በሳተላይት የሚመጣውን ዋይፋይ ከፈለጋችሁ በፓኬጅ ግዙ፣ ቴሌግራምና ኢሞ በሱ ይሠራሉ። ቤት ስትደውሉ ደግሞ ሰዓቱን አስቡ፤ በበጋቸው ኒውዮርክ ከአዳማ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ እና ልዩነቱ በየቀኑ ይቀየራል።

ጤና ላይ ቀልድ የለም። መርከቧ ላይ ሐኪምና ክሊኒክ አሉ፣ ግን ክፍያው ውድ ነው፣ እና መሀል ውቅያኖስ ላይ ሆስፒታል የለም። አይበለውና ከባድ ነገር ቢመጣ ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ከሚያስፈልገው በላይ፣ በእጅ ሻንጣ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር ያዙ። የጉዞ ኢንሹራንስ ያለ ጥያቄ ግዙ። 24ኛ ሳምንቷ የገባ ነፍሰ ጡርና አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይሳፈሩም።

ሻንጣ ላይ ደስ የሚል ዜና አለ። መርከቧ እንደ አውሮፕላን 23 ኪሎ እያለች አትመዝንባችሁም። ከአሜሪካ ስትመለሱ ዘመድ ሁሉ የሰጣችሁን ብትጭኑ ማንም አይናገራችሁም። ችግሩ ሳውዝሃምፕተን ከወረዳችሁ በኋላ ነው፤ እስከ ቦሌ የሚወስዳችሁ አውሮፕላን ይመዝናል። ስለዚህ ነፃ ነው ብላችሁ አምስት ሻንጣ አትሙሉ፣ ሄትሮው ላይ ትከፍሉበታላችሁ። ወደ አሜሪካ በለንደን በኩል በመርከብ ለመሄድ የወሰናችሁ ደግሞ ቅቤና ቋንጣውን ተዉት። እንግሊዝ ከእኛ አገር የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አታስገባም፣ ሄትሮው ላይ ይቀራል። በርበሬና ሽሮ፣ ቡናም፣ ችግር የለባቸውም፤ ሲጠይቋችሁ ግን አለ በሉ።

ተርሚናሉ ብሩክሊን ሬድ ሁክ ነው ያለው፤ ለመሳፈር ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ኒውዮርክ ግቡ። ከሜሪላንድ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ግን መንገድ ከተዘጋ መርከብ አይጠብቅም። የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወጥታችሁ ውጭ ላይ ቁሙ። የነፃነት ሐውልት በቀኝ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ የቬራዛኖ ድልድይ ይመጣል። የጭስ ማውጫዋ ቁመት የተወሰነው በዚህ ድልድይ ስር እንዲያልፍ ተብሎ ነው፣ የሚተርፈው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፣ እና ከታች ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የሚመታ ነው የሚመስለው። ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ ይጮኻል።

የመጨረሻው ማታ ትልልቆቹን ሻንጣዎች በር ላይ አውጥታችሁ ትተኛላችሁ፣ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ይወስዷቸዋል። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ጠዋት የምትለብሱትን ልብስ እዚያ ውስጥ እንዳታስገቡ። ሳውዝሃምፕተን ማለዳ ትደርሳላችሁ፣ ግን መውረጃው በየተራ ነው፣ ፓስፖርትና ሻንጣ ተጨምሮ ረፋድ ይሆናል። ከዚያ ሄትሮው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የአዲስ አበባውን በረራ ስትቆርጡ ማታ የሚነሳውን ያዙ፣ የቀትሩን አትድፈሩ።